ለፔዳል ስቲል ጊታር ቮሊዩም ፔዳል እንዴት ይመረጣል? ከእግር የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ፔዳል ስቲል፣ ማለትም ተጋድሞ ተቀምጠው የሚጫወቱትን ጊታር፣ የሚጫወት ሰው ሥራ ይበዛበታል። ግራ እጁ ባሩን (የብረት ዘንጉን) ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ቀኝ እጁ ይመታል፤ የመታውንም መልሶ ያፍናል። ግራ እግሩ የክሮቹን ቅኝት የሚለውጡትን ፔዳሎች ይረግጣል። ጉልበቶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሊቨር (ከጊታሩ ሥር የተንጠለጠለ መግፊያ) ይገፋሉ። ቀኝ እግሩ ግን ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው አንድ ቦታ ነው ያለው። ቮሊዩም ፔዳሉ ላይ።

ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ጊታሩና አምፕሊፋየሩ ላይ ይጨርሳል። ፔዳሉ ጋ ሲደርስ «ያው ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ አይደል?» ብሎ ያገኘውን ያነሳል። ለተራ ኤሌክትሪክ ጊታር ያስኬድ ይሆናል። ለስቲል አያስኬድም።

ለምን እንደሆነ በራሳችሁ ጆሮ አረጋግጡ። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ተጭናችሁ አንድ ኮርድ ምቱና ዝም ብላችሁ አድምጡ። መጀመሪያ ጠንካራ ምት ይመጣል፣ ወዲያው ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። አሁን ፔዳሉን ግማሽ አካባቢ አድርጋችሁ ድገሙት። ድምፁ መሳሳት ሲጀምር እግራችሁን በጣም በዝግታ ወደ ፊት ተጫኑ። ክሩ የሚያጣውን ኃይል እግራችሁ ይተካለታል። ኖታው ሳይወርድ ይቆያል፤ ዘፋኝ ትንፋሹን ቆጥቦ አንድ ድምፅ ላይ እንደሚቆየው። ስቲል ሲያለቅስ የምንሰማው ያ ረጅም ድምፅ በእጅ ብቻ አይመጣም።

ስለዚህ እኔ ፔዳል የምመርጥበት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ጆሮ፣ የኤሌክትሮኒክሱ ቁጥር ከዚያ በኋላ። መመሪያውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

አንድ፦ ከፔዳሉ በፊት አቀማመጣችሁን አስተካክሉ

ወንበሩ ልክ ካልሆነ የትኛውም ፔዳል ልክ አይሆንም። ጊታሩን በምትጫወቱበት ከፍታ አቁሙት። ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ወንበር ተቀመጡ፤ ሁልጊዜ የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ። ጫማው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ጉልበትን ከፍ ያደርጋል፤ ፔዳሉ ላይም እግርን ያደነዝዛል። ሰፊ ጫማ ደግሞ ጎንና ጎኑ ካለው ነገር ጋር ይጋጫል።

ከዚያ ቀኝ እግራችሁን ፔዳሉ በሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ወለል ላይ አድርጉ። ቀኝ ጉልበታችሁ በሁለቱ ሊቨሮች መካከል፣ ሁለቱንም ሳይነካ መቆም አለበት። በጉልበታችሁና በጊታሩ ሆድ መካከል ስንት ጣት እንደሚገባ ለኩ። ያ ክፍተት ፔዳሉ ሊወስድባችሁ የሚችለው ከፍታ ነው። ረጅም እግር ካላችሁ ክፍተቱ ጠባብ ይሆናል። ያኔ ያላችሁ ምርጫ ዝቅ ያለ ፔዳል መፈለግ፣ ወይም የጊታሩን እግሮች ማስረዘም ነው። ወንበሩን ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ ግን ክንዳችሁን ከክሮቹ በታች ስለሚያወርደው እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርገው።

ሁለት፦ የጉልበት ፈተና

ይህን ፈተና ካላለፈ ፔዳሉን ተዉት። ሌላው ሁሉ በኋላ ይስተካከላል፤ ይሄ አይስተካከልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኝ ጉልበታችሁን ወደ ቀኝ ስትገፉ ቁርጭምጭሚታችሁ አብሮ ይዞራል። የጫማችሁ አንድ ጠርዝ ይነሳል፣ ሌላው ይጫናል። ፔዳሉ ጠባብ፣ ከፍ ያለ ወይም በጣም ልል ከሆነ ያ ትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ድምፅ ይለወጣል። ኖታውን ለመለወጥ ብቻ ፈልጋችሁ ሳለ ድምፁም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። አድማጩ ምን እንደሆነ አይገባውም። የሆነ ነገር እንደሚንቀጠቀጥ ግን ይሰማዋል።

ፈተናው ይኸው። ፔዳሉን ሁለት ሦስተኛው ላይ አቁሙ። አንድ ኮርድ ምቱ። እግራችሁን በፍጹም ሳታስቡት የቀኝ ጉልበት ሊቨሮችን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ግፉና መልሱ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ስትጫወቱ የማትሰሙት ነገር ቀረጻው ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ድምፁ ከመነሻው እየሳሳ ብቻ ከሄደ ጥሩ ነው። ሊቨሩ በተገፋ ቁጥር ድምፁ ከዘለለ ግን ፔዳሉ ከእግራችሁ ጋር አልተስማማም። ወዲያው አትጣሉት። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አድርጉት፣ አፍንጫውን ትንሽ አዙሩትና ድገሙት። አንዳንዴ ችግሩ ሁሉ ከዚያ ነው።

የፔዳሉ የላይ ገጽም እዚህ ላይ ይቆጠራል። በጣም የሚይዝ ሻካራ ጎማ እግርን እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ ጉልበት ሲዞር እግሩ መዞር ያቅተዋል። በጣም የሚያንሸራትት ደግሞ ተረከዝን ቦታውን ያስለቅቀዋል። እኔ መካከለኛውን እመርጣለሁ፦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የማያንሸራትት፣ ወደ ጎን ግን ለመዞር ፈቃደኛ የሆነ።

ሦስት፦ ጉዞው፣ ጥብቀቱና ክብደቱ

ጉዞ የምለው ፔዳሉ ከተረከዝ እስከ ጣት የሚሄደውን ርቀት ነው። አጭር ጉዞ ያለው ፔዳል ፈጣን ነው፤ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ሲነቃነቅ ብዙ ድምፅ ይለወጣል። ለስቲል ረዘም ያለ ጉዞ ይሻላል። ሲበዛ ግን ቁርጭምጭሚት ያደክማል፤ ረጅም ልምምድ ላይ ደግሞ ፊት እግር ላይ ያለው ጡንቻ ይቃጠላል።

ጥብቀቱን እንዲህ ፈትኑት። ፔዳሉን መሃል ላይ አድርጋችሁ እግራችሁን አንሱ። ባለበት መቆም አለበት። ወደ ኋላ የሚወድቅ ከሆነ እግራችሁ ሁልጊዜ ተሸካሚ ይሆናል። በተቃራኒው ለመንቀሳቀስ ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ ቀስ ብሎ መጫን አይቻልም። መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ብዙ ፔዳሎች ጥብቀቱን የሚያስተካክል ብሎን አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት መኖሩን ጠይቁ።

ክብደትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከባድ ይሻላል። ወለል ላይ የሚንሸራተት ፔዳል ያናድዳል። አንዳንድ ለስቲል የተሠሩ ፔዳሎች የጊታሩ ፔዳሎች ከተሰቀሉበት ዘንግ ጋር የሚያያዙበት መያዣ አላቸው። ያለው ካገኛችሁ ውሰዱት።

አራት፦ ድምፁ በየት በኩል ነው የሚነሳው?

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ሁለት ፔዳሎች ተረከዝ ላይ ዜሮ፣ ጣት ላይ ሙሉ ሊሆኑ ይችላሉ። በመካከል ያለው መንገድ ግን ፍጹም ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን መንገድ ቴፐር ይሉታል።

ቀጥተኛ የሚባለው ቴፐር ግማሽ መንገድ ላይ ከሲግናሉ ግማሹን ይሰጣል። በዴሲቤል (በድምፅ መጠን መለኪያ) ሲሰላ ከሙሉው 6 ዴሲቤል ብቻ ያነሰ ነው። ጆሯችን ድምፅ በእጥፍ ጨመረ የሚለው ግን በግምት 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው። ስለዚህ ቀጥተኛው ቴፐር የመጀመሪያው ጥቂት ጉዞ ላይ ሁሉንም ድምፅ ይዘረግፈዋል፤ ቀሪው መንገድ ብዙ ለውጥ የለውም። ኦዲዮ ቴፐር የሚባለው በተቃራኒው ግማሽ መንገድ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ብቻ ይለቃል፤ ይህም ከሙሉው ከ16 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው። ለጆሮ የሚጥመው፣ ቀስ በቀስ የሚነሳው ይህኛው ነው። የስቲል ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡትም እሱን ነው።

በወረቀት ላይ የተጻፈውን ግን አትመኑ። ሁለቱም «ኦዲዮ» የተባሉ ፔዳሎች እግር ሥር ሲገቡ ይለያያሉ። የሲባጎው አጠማጠም ወይም የጥርሱ ስፋት መንገዱን ይለውጠዋል። ስለዚህ ሞክሩት። ኮርድ ምቱና ከግማሽ ጀምሮ በአራት ምት ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛ ድረሱ። ድምፁ ባለበት ከቆየ ደስ ይበላችሁ። ከማበጥ አልፎ ከፈነዳ ቴፐሩ በጣም ፈጣን ነው። ጭራሽ ከሞተ ደግሞ በጣም ዘገምተኛ ነው። የምትፈልጉት መካከለኛው ሦስተኛ ላይ ለእግራችሁ የሚታዘዝ ፔዳል ነው። ታችኛው ሦስተኛ ለመግቢያና ለመውጫ ነው፤ የላይኛው ደግሞ መጠባበቂያ።

አምስት፦ ውስጡ ምን አለ?

የቆየውና የሚበዛው ዓይነት ፖት ያለው ነው። ፖት ማለት የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ሥር ያለው ያው ተዘዋዋሪ ሬዚስታንስ ነው። እግራችሁ ፖቱን የሚያዞረው በሁለት መንገድ ነው፦ በተጠመጠመ ሲባጎ ወይም በጥርስ (በማርሽ)።

ሲባጎው ለስላሳ ነው። እግር ሥር ዘይት የተቀባ ያህል ይሄዳል። ግን ይላላል፣ ይበጠሳል። የእኔ አንድ ጊዜ ዘፈን መሃል ላይ ተበጠሰ። ፖቱ በነበረበት ቦታ ቀረ፤ ዘፈኑን በእጄ ብቻ ጨረስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርፍ ሲባጎና ትንሽ ብሎን መፍቻ ከባሩ ጋር በአንድ ቦርሳ ነው የምይዘው። ሲባጎውን ስትቀይሩ ከመፍታታችሁ በፊት አጠማጠሙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስንት ጊዜ እንደዞረና በየት በኩል እንደገባ በኋላ አታስታውሱትም።

ጥርሱ አይበጠስም፤ ሲያረጅ ግን ይላላል። እግር ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይንቀሳቀስም፣ ከዚያ ይይዛል። ያቺ ባዶ ቦታ ለስቲል ትከብዳለች።

ሁለቱም ዓይነት ላይ ፖቱ ራሱ ያልቃል። የስቲል ተጫዋች ፖቱን መሃል አካባቢ ያለማቋረጥ ስለሚፈትገው ከሌላው ቶሎ ያልቃል። ምልክቱ ስትጫኑት ኮሽ ኮሽ ማለቱ ነው። መጀመሪያ የኮንታክት ማጽጃ ይሞከራል። ካልሆነ ፖቱ ይቀየራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አዲስ ፖትም ኮሽ ካለ ከፔዳሉ በፊት ያለ ዕቃ ዲሲ ቮልቴጅ እያፈሰሰበት ሊሆን ይችላል። ጊታሩን በቀጥታ ከፔዳሉ ጋር አያይዛችሁ ሞክሩ። ኮሽታው ከጠፋ ጥፋቱ የፖቱ አይደለም።

ፖት የሌላቸውም አሉ። አንዳንዶቹ ብርሃን ይጠቀማሉ፤ እግሩ ወደ ብርሃን መቀበያው የሚደርሰውን ብርሃን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በስቲል ተጫዋቾች ዘንድ ሂልተን የሚታወቀው በዚህ ነው። ሌሎቹ ማግኔት ይጠቀማሉ፤ የሌሌ ሞኖ ቮሊዩም እንዲህ ያለ ነው። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ።

ስድስት፦ 500፣ 250 ወይስ 25?

ይህን ክፍል ሰው ይፈራዋል። ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ከባድ አይደለም።

ፖት ያለው ፔዳል በኪሎኦም፣ ማለትም በሬዚስታንሱ መለኪያ፣ ቁጥር ይሸጣል። ጊታራችሁ ያለ ባትሪ የሚሠራ ተራ ማግኔት ፒክአፕ (የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጠው ዕቃ) ካለው፣ አብዛኛው ስቲል እንዲያ ነው፣ 500 ኪሎኦም አካባቢ ፈልጉ። 250ም ይሠራል። ግን ፒክአፑን የበለጠ ይጫነዋል፤ የላይኛው ብሩህ ድምፅ ትንሽ ይደበዝዛል። 25 ኪሎኦም ከተራ ፒክአፕ ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ድምፁ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። እሱ የተሠራው ከባፈር (ሲግናሉ ከኋላው ያለውን ጫና እንዲችል አድርጎ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ወይም ከሌላ ኤሌክትሮኒክስ በኋላ እንዲገባ ነው። የኧርኒ ቦል ቪፒ ጁኒየር በሁለቱም ዓይነት ይመጣል፤ በ250ና በ25። መልካቸው አንድ ስለሆነ ቁጥሩን ሳታዩ አትግዙ። ቦስም እንዲሁ ነው፦ ኤፍቪ-500ኤች ለጊታር፣ ኤፍቪ-500ኤል ለኪቦርድና ለመሰል ዕቃ።

ታዲያ 500 ሁልጊዜ ይበልጣል? አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ ብዙ ሰው «ፔዳሉ ድምፄን በላብኝ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የ500 ፖት ከሙሉው 6 ዴሲቤል ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ ለሁለት እኩል ይከፈላል፦ 250 ከላይ፣ 250 ከታች። ለሚወጣው ሲግናል ሁለቱ ጎን ለጎን እንደተያያዙ ስለሚቆጠሩ፣ ከፔዳሉ የሚወጣው ሲግናል 125 ኪሎኦም ከሚያህል ሬዚስታንስ ጀርባ ይሆናል። ከፔዳሉ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ኬብል 5 ሜትር ይሁን። ኬብል ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ መለኪያው ፒኮፋራድ ነው። በሜትር 100 ፒኮፋራድ ቢይዝ በአጠቃላይ 500 ፒኮፋራድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከ2,500 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ድምፅ መቁረጥ ይጀምራሉ። የስቲል ጥራትና ብልጭታ ያለው ደግሞ እዚያው አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። በጣም የሚያሳዝነው ያ ቦታ ኖታ ይዛችሁ የምትቆዩበት ቦታ መሆኑ ነው። ጣት ላይ ስትደርሱ ድምፁ ይበራል፣ መሃል ላይ ይጨልማል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ነፃ ነው። ከፔዳሉ በኋላ ያለውን ኬብል አሳጥሩ። 5 ሜትሩን 2 ሜትር ብታደርጉት ያ መቁረጫ ወደ 6,400 ኸርዝ ገደማ ይወጣል። ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ። ሁለተኛው ከፔዳሉ ቀጥሎ ባፈር ማስገባት ነው። ሦስተኛው ባፈሩን ከፔዳሉ በፊት፣ ጊታሩ ጋ አስገብቶ 25 ኪሎኦም ፔዳል መጠቀም ነው። ያኔ በዚያው በ5 ሜትር ኬብል መቁረጫው ከ50,000 ኸርዝ በላይ ይሆናል፤ የሰው ጆሮ ከሚሰማው በጣም ይርቃል። ባፈሩን ከፊት አስገብታችሁ 500 ፖቱን ከተዋችሁት ግን የፒክአፑ ጫና ቀለለ እንጂ የመሃሉ ጨለማ አልተነካም። ይህን ሳያውቁ ባፈር ገዝተው «ምንም አልለወጠም» የሚሉ አሉ።

እውነቱን ለመናገር ያን ትንሽ ጨለማ የሚወዱም አሉ። ኖታው በለስላሳ ተነስቶ ሲጎላ እየበራ ይሄዳል። ጆሯችሁ ከወደደው ማንም ስህተት ነው ሊላችሁ አይችልም።

ሰባት፦ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ፔዳል ከመረጣችሁ

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የድምፁ ቀለም ተረከዝ ላይም ጣት ላይም አንድ ነው፤ ረጅም ኬብልም አያስፈራም። አንዳንዶቹ ቴፐሩን ወይም የመነሻውን ድምፅ ለማስተካከል ያስችላሉ።

መፈተን ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የስቲል ፒክአፕ ከተራ ጊታር የበለጠ ኃይለኛ ሲግናል ይሰጣል። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ተጭናችሁ ወፍራሞቹን ክሮች በኃይል ምቱ። አምፕሊፋየሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ድምፁ ከሻከረ ወይም ከተሰነጠቀ ፔዳሉ አልቻለውም። ሁለተኛ፣ ክሮቹን አፍናችሁ ፔዳሉን ጣት ላይ አድርጉና እምታውን (የሚያጉረመርመውን የኤሌክትሪክ ድምፅ) አድምጡ። ከሌሎች ፔዳሎች ጋር አንድ ፓወር ሰፕላይ ስትጋሩ የሚመጣ እምታ ብዙ ጊዜ ለብቻው በሚሰጥ ፓወር ይጠፋል። ፓወሩ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ። ብዙዎቹ ጭራሽ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሁለተኛ አዳፕተርና አንድ ተራ ኬብል ይኑራችሁ፤ የባሰ ቀን ፔዳሉን ዘላችሁ በቀጥታ ትሰካላችሁ።

የቱነር (የቅኝት መለኪያ) መውጫን በአጭሩ እንለፈው። ፖት ባለው ፔዳል ላይ ይህ መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ሲግናል ጋር ጎን ለጎን የተያያዘ ነው። ቱነሩም ኬብሉም ሲግናሉን ይጋራሉ። የቱነሩን ኬብል እየሰካችሁና እየነቀላችሁ አንድ ኮርድ አድምጡ። ድምፁ ከተለወጠ ቱነሩን ከፔዳሉ በፊት አስገቡት። ስቴሪዮ ፔዳል ደግሞ ሁለት ኔክ (ሁለት የክር ረድፍ) ስላለኝ ያስፈልገኛል አትበሉ። ሁለቱ ኔኮች በአብዛኛው በአንድ ማውጫ ነው የሚወጡት። ሞኖ ይበቃል።

ስምንት፦ ያገለገለ ስትገዙ

ያገለገለ ፔዳል መግዛት ምንም ክፋት የለውም። ጉድሪችን የመሳሰሉ ለስቲል የተሠሩ ፔዳሎች ፖትና ሲባጎ እየተቀየረላቸው ለብዙ ዓመት ይኖራሉ። ቴስተር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።

ፖት ያለው ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ከምንም ጋር ሳይገናኝ አንድ ኬብል መግቢያው ላይ ሰኩ። በሌላኛው ጫፍ የፕለጉን ጫፍና ግንዱን በቴስተሩ ንኩ። በተለመደው አሠራር የፖቱን ሙሉ ቁጥር ታያላችሁ፤ ፔዳሉን ብታንቀሳቅሱም ብዙ አይለወጥም። 500 የተባለው 450 ወይም 540 ቢያሳይ አትደንግጡ። ፖት እንዲያ ነው። 230 ካሳየ ግን የተነገራችሁ ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነው።

አሁን ኬብሉን ወደ መውጫው አዛውሩ። ተረከዝ ላይ ዜሮ አጠገብ፣ ጣት ላይ ሙሉው አጠገብ መሆን አለበት። በመካከል ፔዳሉን እንደ ቀንድ አውጣ በዝግታ አንቀሳቅሱ። ቁጥሩ ሳይቆራረጥ ከፍ ማለት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከ80 ወደ 300 ዘሎ ተመልሶ ከወረደ ፖቱ እዚያ ቦታ ላይ አልቋል። ተረከዝ ላይ ዜሮ የማይደርስ ከሆነ ደግሞ ሲባጎው ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል። እሱ በቀላሉ ይስተካከላል፤ ዋጋ ለመቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው።

ከዚያ ገልብጡት። የታችኛውን ክዳን ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ሲባጎው ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ጃኮቹ የላሉ፣ ብየዳው የተሰነጠቀ እንዳይሆን። የዘንጉን መጋጠሚያ ይዛችሁ ወደ ጎን አወዛውዙት። ወደ ጎን የሚወዛወዝ ፔዳል የጉልበቱን ፈተና አያልፍም።

ዘጠኝ፦ ቤት ስታመጡት

ጊታር፣ ቮሊዩም ፔዳል፣ ከዚያ ዲሌይና ሪቨርብ (ድምፁን የሚደግሙና የሚያስተጋቡ ዕቃዎች)፣ ከዚያ አምፕሊፋየር። በዚህ ቅደም ተከተል ፔዳሉን ስትዘጉ የዲሌዩ ጅራት ሳይቆረጥ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል ካላችሁ ሁለቱንም መንገድ ሞክሩ። ቮሊዩሙ ከሱ በፊት ከሆነ እግራችሁ የሻካራነቱን መጠን ይለውጣል፤ ከሱ በኋላ ከሆነ የድምፁን መጠን ብቻ ይለውጣል።

የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ስታስተካክሉ ፔዳሉን ጣት ላይ አድርጋችሁ አይሁን። ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጋችሁ፣ ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ስትጫወቱ የሚበቃችሁን ድምፅ እዚያ ላይ አግኙ። የቀረው መንገድ ለኖታው ጅራት የተቀመጠ ነው። አዲስ ተጫዋቾች ሁልጊዜ ጣት ላይ ሆነው ይመቱና ኖታው ሲከስም የሚሰጡት ነገር ያጣሉ።

ሌላው ልማድ ፔዳሉን በየምቱ መርገጥ ነው፤ ውኃ እንደሚስብ ፓምፕ። ድምፁ ዋው ዋው እያለ ሰውን ያደክማል። ለዚህ የማውቀው ልምምድ አንድ ነው። ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ አድርጉ። አንድ ኮርድ ምቱና ለአራት ምት ያህል ድምፁን በአንድ ከፍታ ያዙት። ስልካችሁ ላይ ቅዱና የድምፁን ሞገድ ተመልከቱ። መጀመሪያው ወፍራም ሆኖ ወደ ኋላ እየቀጠነ ከሄደ እግራችሁ ዘግይቷል። መሃሉ እንደ ሆድ ከተነፋ ፈጥኗል። የተስተካከለ ሰፊ መቀነት እስኪመስል ድገሙት። ከዚያ ወደ ስድስት ምት፣ ከዚያ ወደ ስምንት። ስምንት ላይ የማይዝ ፔዳል ካጋጠማችሁ ከመውቀሳችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን ትንሽ ከፍ፣ የመነሻ እግራችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጉና እንደገና ሞክሩ።

በመጨረሻ እግራችሁ የተመቸውን ቦታ ካገኘ በኋላ ከምትለማመዱበት ወለል ላይ የፔዳሉን ሁለት ማዕዘኖች በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከጊታሩ የቀኝ የፊት እግር እስከ ፔዳሉ ጠርዝ ያለውን ርቀትም ለኩና ጊታሩ ሳጥን ክዳን ውስጥ ጻፉት። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ስትዘረጉ ሜትራችሁን አውጥታችሁ ፔዳሉን እዚያው ቦታ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ እግራችሁም ሳይፈልግ ያገኘዋል።